ሊሠሩበት የማይመኙትን ዕቃ ስለ መግዛት

ነጋዴ ገንዘቡን የሚያወጣው ወይ ለሚሸጠው ወይ ለሚገለገልበት ዕቃ ነው። ከዚህ ልማድ የወጣ አንድ የግዢ ዓይነት ግን አለ፤ ገዢው ዋጋውን ከፍሎ፣ ዕቃውን ተረክቦ መጋዘን ካስገባ በኋላ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራበት እንዲያረጅለት አምላኩን የሚለምንበት ዓይነት ነው። በየሱቁ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የእሳት ማጥፊያ ከዚሁ ወገን ነው። ከዚህ ወገን ካሉት ዕቃዎች መካከል ዋጋው እጅግ የከበደው፣ አሠራሩም እጅግ የረቀቀው፣ ከባሕር ወለል ላይ ወድቆ የቀረን የሰርጓጅ መርከብ ባሕርተኛ ለማውጣት የተሠራው መሣሪያ ነው።

ኢትዮጵያ ሰርጓጅ መርከብ የላትም። ከዚህ ጋዜጣ አንባቢዎችም መካከል ይህን መሣሪያ ለማስመጣት ውል የሚፈራረም ሰው አይገኝ ይሆናል። ሆኖም አስመጪና ላኪ ዘወትር የሚከራከርበት ነገር፣ ማለትም የዕቃው ልክ መግጠሙ፣ የመለዋወጫው መገኘት፣ የመጋዘኑ ደረቅነት፣ የማጓጓዣውና የጉምሩኩ ፍጥነት፣ በዚህ ንግድ ውስጥ በብር ሳይሆን በሰው ነፍስ ተመዝኖ ይታያል። በዚህም ምክንያት ጉዳዩ ለነጋዴ የባዕድ ወሬ አይደለም። ከታሪኩም የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው፤ የማዳኛ መሣሪያ የገዛ ሰው ብረቱን ብቻ ገዝቶ እንደ ሆነ ገና ምንም አልገዛም፤ የሚገዛው ሰዓት ነውና፣ ሰዓቱም በጥገና፣ በልምምድና አስቀድሞ በተዘጋጀ መንገድ ካልተገኘ ብረቱ ብቻውን ማንንም አያወጣም።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር፣ በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው፣ በ1939 ዓ.ም. በዘጠኝ ቀን ልዩነት ሁለት አዳዲስ ሰርጓጅ መርከቦች በሙከራ ላይ ሳሉ ሰጠሙ። የመጀመሪያይቱ ስኳለስ የተባለችው የአሜሪካ መርከብ ስትሆን፣ ሜይ 23 ቀን ጠዋት በኒው ሃምፕሻየር ባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ለልምምድ ስትጠልቅ ለሞተሮቿ አየር የሚያስገባው ትልቁ በር ሳይዘጋ ቀርቶ ውሃ የኋላ ክፍሎቿን ሞላው። 74 ሜትር ያህል ጥልቀት ካለው ወለል ላይ ዐረፈች። ከተሳፈሩት 59 ሰዎች 26ቱ ወዲያው ሲሞቱ፣ 33ቱ በፊተኛው ክፍል በሕይወት ቀሩ። ፋልኮን የተባለችው የማዳኛ መርከብ ከኮኔቲከት ተጠርታ መጣች፤ ጠላቂዎችም ወርደው ከመርከቢቱ መውጫ ላይ ገመድ አሰሩ፤ በገመዱም መሪነት ደወል የመሰለ ትልቅ የብረት ክፍል ወረደ። ደወሉ አራት ጊዜ ተመላልሶ ሠላሳ ሦስቱንም ሰዎች አወጣቸው። በአራተኛው ጊዜ የደወሉ ሽቦ ተጠላልፎ ይበጠስ ጀምሮ ስለ ነበረ፣ የመጨረሻዎቹ ሰዎች እላይ የደረሱት እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነበር።

ነጋዴ ከዚህ ታሪክ ውስጥ ሊያስተውለው የሚገባው ከጀግንነቱ ይልቅ ቀኑን ነው። ይህ ደወል እንዲሠራ ያስገደደው በ1927 ዓ.ም. የደረሰ ሌላ አደጋ ነበር። ኤስ 4 የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ በማሳቹሴትስ አጠገብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ስትሰጥም ስድስት ሰዎች በፊተኛው ክፍል በሕይወት ነበሩ። ጠላቂዎች ከውጭ የብረቱን ግድግዳ በመዶሻ ሲመቱ፣ እነርሱም ከውስጥ እየመቱ ይመልሱ ነበር። ጥልቀቱ ከስኳለስ እኩሌታ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ነገር ግን ማዕበሉ በረታ፣ ሰዎቹን የሚያወጣ መሣሪያም በዓለም ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ የመዶሻው ድምፅ እያደረ ጠፋ። ቻርልስ ሞምሰን የተባለው መኰንን ደወሉን አሰበው፣ አለን ማካን የተባለው ደግሞ ፈጸመው፤ በ1930 ዓ.ም. ተሠርቶ አለቀ። ከዚያ በኋላ እስከ ስኳለስ ቀን ድረስ፣ ዘጠኝ ዓመት ያህል፣ አንድም ሰው ከእውነተኛ አደጋ አላወጣም። በእነዚያ ዓመታት የሒሳብ ሹም መዝገቡን ገልጦ ቢመለከት፣ ወጪ እንጂ ገቢ የሌለው ዕቃ፣ ዘይትና ቀለም የሚበላ፣ ለሠራተኞቹም ደመወዝ የሚያስከፍል ሆኖ ያገኘው ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ይሸጥ ብሎ የሚመክር ሰው በየዘመኑ አይጠፋም፤ ምክሩም ሁልጊዜ በአኀዝ የተደገፈ ነው።

ሁለተኛይቱ መርከብ የእንግሊዟ ቴቲስ ነበረች። ጁን 1 ቀን በሊቨርፑል ባሕር ላይ ለፍተሻ ስትወጣ 103 ሰዎች ተሳፍረውባት ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ባሕርተኞች ሳይሆኑ መርከቢቱን የሠራው ፋብሪካ ሠራተኞችና እንግዶች ነበሩ። በቶርፔዶ መተኮሻው ቱቦ የኋላ ክዳን ላይ አንዲት ትንሽ የመፈተሻ ቀዳዳ አለች፤ ስትከፈት ውሃ ከፈሰሰባት ቱቦው በባሕር ውሃ ተሞልቷል ማለት ነው፣ ካልፈሰሰባት ደግሞ ክዳኑን መክፈት ይቻላል። ያን ቀን ውሃ አልፈሰሰባትም። ምክንያቱ ግን ቱቦው ባዶ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ ውስጡ ሲቀባ የኤናሜል ቀለም ገብቶ ቀዳዳዋን ስለ ደፈናት ነበር። ክዳኑ ሲከፈት ባሕሩ ገባ። መርከቢቱ በአፍንጫዋ ወለሉን ወግታ ስትቀር፣ ጅራቷ በማግሥቱ ጠዋት ከውሃው በላይ ወጥቶ ለአላፊ አግዳሚው ይታይ ነበር። በመተንፈሻ መሣሪያ እየታገዙ በመውጫው ክፍል በኩል የወጡት ግን አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ዘጠና ዘጠኙ፣ ከላይ ያሉት ሰዎች ጅራቷን እያዩ፣ ከውስጥ በተቃጠለ አየር ታፍነው ሞቱ።

በሁለቱ አደጋዎች መካከል ያለው ልዩነት በዕድል ብቻ የሚፈታ አይደለም። ቴቲስ ለእያንዳንዱ ሰው የመተንፈሻ መሣሪያ የሚሰጠውን ሥርዓት ይዛ ነበር፤ ይህም የሮበርት ዴቪስ ፈጠራ ሲሆን በመጠኑ ያገለገለ ጥሩ ዕቃ ነው። ሆኖም መሣሪያውን የሚጠቀምበት ሰው ደክሞ፣ አየር አጥሮት፣ በጨለማ ውስጥ ሆኖ ራሱን በራሱ ማውጣት ነበረበት። ስኳለስ ግን ከላይ የሚጠብቃት መርከብ፣ የሠለጠኑ ጠላቂዎችና ለመውጫዋ ልክ ሆኖ የተሠራ ደወል ነበራት። ዛሬም ቢሆን ሁለቱ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ይሸጣሉ። አዲሱ የማምለጫ ልብስ መላ አካልን የሚሸፍን ሆኖ ሰውን ከ180 ሜትር ያህል ጥልቀት ሊያወጣ እንዲችል የተሠራ ነው፤ ያም ቢሆን እላይ የደረሰውን ሰው የሚያነሣና የሚያሞቅ መርከብ በአካባቢው ከሌለ፣ ልብሱ ሰውየውን ከአንድ ሞት ወደ ሌላ ሞት ከማሸጋገር አያልፍም።

ስለ ልክ መግጠም ጥቂት ማስፋት ያስፈልጋል፤ ነገሩ ሁሉ በእርሱ ላይ የቆመ ነውና። ደወሉ ወይም በዛሬው ዘመን የሚሠራበት ትንሹ የማዳኛ ጀልባ በሰርጓጁ መርከብ መውጫ ላይ ሲቀመጥ የሚይዘው ብሎን ወይም መንጠቆ ብቻ አይደለም። በታችኛው ከንፈሩ ላይ ጎማ አለ፤ በመውጫው ዙሪያ ደግሞ ለስላሳና ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት አለ። ሁለቱ ሲገናኙ በመካከላቸው ያለው ውሃ ይወጣል፤ የባሕሩ ክብደት ራሱ ከላይ ተጭኖ አንድ ያደርጋቸዋል። ቀለበቱ ከጠመመ፣ ልኩ ከተለየ፣ ወይም በላዩ ላይ አንዳች ነገር ከተሠራበት፣ በዓለም ላይ ያለ ውድ መሣሪያ ሁሉ ከንቱ ነው። ይህን በመረዳት የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን አገሮች የቀለበቱን ልክና ጥንካሬ በጋራ ደንብ ወሰኑ፤ ከቃል ኪዳኑ ውጭ ያሉ ብዙ መንግሥታትም ያንኑ ልክ ተቀበሉ፤ በዚህም የአንዱ አገር ማዳኛ በሌላው አገር መርከብ ላይ ሊቀመጥ ቻለ። ለአንድ መኪና የመጣ መለዋወጫ ለሌላው አልገጥም ብሎት ዕቃው መደርደሪያ ላይ የቀረበት ባለሱቅ፣ የዚህ ደንብ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ያለ አስተማሪ ይገባዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጋዘን ነገር ይመጣል። ሰርጓጅ መርከብ ስትሰጥም በውስጧ ያሉት ሰዎች እስኪደረስላቸው ድረስ የሚተነፍሱት ከተከማቸ ኬሚካል በሚወጣ ኦክሲጅን ነው። ይህ ኬሚካል በጎ ሎሌ ነው፤ ነገር ግን ዘይት ከነካው እሳት ይሆናል። ኦገስት 12 ቀን 2000 ዓ.ም. በባረንትስ ባሕር 108 ሜትር ላይ የሰጠመችው የሩሲያዋ ኩርስክ 118 ሰዎች ይዛ ነበር። ከፍንዳታው በኋላ 23 ሰዎች በዘጠነኛው ክፍል ተሰብስበው በሕይወት ነበሩ፤ ዲሚትሪ ኮሌስኒኮቭ የተባለው መኰንን ስማቸውን በጨለማ ውስጥ በወረቀት ጽፎ ተወ። የሩሲያ ባለሥልጣኖች ምርመራ እንደ ገለጠው፣ እነዚህ ሰዎች ከጥቂት ሰዓት በላይ አልቈዩም፤ ኦክሲጅን የሚያመነጨው ሳህን ዘይት ያለበት ውሃ ነክቶት እሳት ተነሣና ክፍሉን አየር አሳጣው።

በማርች 2007 ዓ.ም. ደግሞ ታየርለስ የተባለችው የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ ከሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር ሳለች፣ የኦክሲጅን ሻማ የሚባለው ዕቃ ሲለኰስ ፈንድቶ ሁለት ባሕርተኞችን ገደለ። መርከቢቱ አልሰጠመችም፤ ሻማው ራሱ ነው የገደላቸው። በኋላ በተደረገው ምርመራ፣ ሻማው በዘይት ተበክሎ እንደ ነበረ ተገመተ፤ ወጪ ለመቀነስ ሲባልም አደገኛ ውዳቂ ከሚከማችበት ቦታ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሻማዎች ተመልሰው ወደ አገልግሎት እንደ ገቡ በምርመራው ላይ ተነገረ። እዚህ ላይ ብዙ ሐተታ አያስፈልግም። ቀኑ ያለፈበትን ዕቃ አቧራውን ጠርጎ ወደ መደርደሪያ የሚመልስ ሰው በየገበያው ይታወቃል፤ ልዩነቱ ገዢው ዕቃውን በፀሐይ ብርሃን አገላብጦ ሊያየው መቻሉና አለመቻሉ ነው።

ኩርስክን ለመርዳት የተላከችው የሩሲያ የማዳኛ መርከብ ሩድኒትስኪ ቀድሞ እንጨት ጫኝ የነበረች መርከብ ናት። የወረዱትም ትናንሽ የማዳኛ ጀልባዎች ደጋግመው ቢሞክሩ በመውጫው ላይ ሊቀመጡ አልቻሉም፤ ባትሪያቸውም ቶሎ ያልቅ ነበር። የውጭ እርዳታ የተፈቀደው በአምስተኛው ቀን ሲሆን፣ የኖርዌይ ጠላቂዎች ወርደው መውጫውን የከፈቱት ኦገስት 21 ቀን ነው። እርዳታው ቀድሞ ቢጠራ እነዚያ 23 ሰዎች ይድኑ ነበር ማለት አይቻልም፤ ምርመራው የሚለው ከዚህ የተለየ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ በሕይወት መኖራቸውንም መሞታቸውንም በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሳያውቁ መዘግየት ደግሞ አውቆ ከመዘግየት የሚለየው በሐሳብ እንጂ በውጤት አይደለም።

ይህ ነቀፌታ ያለ ፍሬ አልቀረም። በ2003 ዓ.ም. የሰርጓጅ መርከብ ማምለጥና ማዳን ጉዳይ ለሁሉ አገሮች የሚያስተባብር ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ሥራውም ማን ምን መሣሪያ እንዳለው፣ የት እንደሚገኝና በየትኛው አውሮፕላንና መርከብ ሊጫን እንደሚችል መዝግቦ መያዝ ነው። በኦገስት 2005 ዓ.ም. ኤ ኤስ 28 የተባለችው የሩሲያ ትንሽ ጀልባ፣ ራሷ ለማዳን ሥራ የተሠራች ስትሆን፣ በካምቻትካ አጠገብ 190 ሜትር ላይ በመረብና በሽቦ ተጠላልፋ ሰባት ሰዎች እንደ ያዘች ቀረች። ሩሲያ ያን ጊዜ ሳትውል ሳታድር እርዳታ ጠየቀች። እንግሊዞች ስኮርፒዮ 45 የተባለውን፣ ሰው የማይገባበትንና ከላይ በሽቦ የሚመራውን ማሽን፣ ከስኮትላንድ በጭነት አውሮፕላን ላኩ፤ ማሽኑ በሩሲያ መርከብ ላይ ተጭኖ ወረደ፣ ሽቦውንም ቈራረጠ፤ ጀልባዋ ሦስት ቀን ያህል ከቈየች በኋላ ሰባቱንም ሰዎች እንደ ያዘች ወጣች። የማሽኑ ዋጋ ከአንድ ሰርጓጅ መርከብ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከምንም የሚቈጠር አይደለም። ሰዎቹን ያዳነው አውሮፕላኑ፣ የበረራው ፈቃድ፣ የወደቡ ክሬንና ማሽኑን የሚሸከመው መርከብ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ መገኘታቸው ነው።

የንግድ ሰዎች ሊኰሩበት የሚገባ ሌላ ምሳሌም አለ፤ በዚህኛው መርከቡም ሥራውም የወታደር አልነበረም። በኦገስት 1973 ዓ.ም. ፒሰስ 3 የተባለችው የቪከርስ ኩባንያ ጀልባ ከአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ የስልክ ገመድ በባሕር ወለል ውስጥ በመቅበር ሥራ ላይ ሳለች፣ ስትነሣ የኋላ ክፍሏ ክዳን ተነቅሎ ውሃ ሞላትና 480 ሜትር ወደ ታች ወረደች። በውስጧ ሁለት ሰዎች ነበሩ። እነርሱን የመሰሉ ሁለት እኅት ጀልባዎች፣ አንዷ ከእንግሊዝ አንዷ ከካናዳ፣ በአየር ወደ ኮርክ ወደብ ተወሰዱ፤ ከአሜሪካም በሽቦ የሚመራ ማሽን መጣ። ገመድ ታስሮ ጀልባዋ ወደ ላይ ስትሳብ ሰባ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ክዳኑ ሲከፈት ለሰዎቹ የቀረው ኦክሲጅን ለአሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል የሚበቃ ነበር። በጅቡቲ ወደብ አንድ ወረቀት ጐድሎበት ሳምንት የተጉላላ አስመጪ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ በየትኛው የጉምሩክ መስኮት ላይ ልትጠፋ እንደምትችል ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል።

የተጉላላው መንገድ ምን እንደሚመስልም ታይቷል። በኖቬምበር 2017 ዓ.ም. የአርጀንቲና ሰርጓጅ መርከብ ሳን ሁዋን 44 ሰዎች እንደ ያዘች ስትጠፋ፣ አሜሪካኖች የማዳኛ መሣሪያቸውን በትላልቅ አውሮፕላኖች ወደ ኮሞዶሮ ሪቫዳቪያ አመጡ። መሣሪያው ግን መርከብ ይፈልጋል፤ የተገኘችውም መርከብ ለዚህ ሥራ የተሠራች ስላልነበረች ወለሏን ለማስማማት ብየዳ ተደርጎ፣ ከወደብ የወጣችው መርከቢቱ ከጠፋች ከአንድ ሳምንት በላይ ቈይታ ነው። ሳን ሁዋን ከአንድ ዓመት በኋላ 907 ሜትር ላይ ተሰባብራ ተገኘች፤ ስለዚህ ማንም ፈጥኖ ቢደርስ ኖሮ ባልረዳ። ቢሆንም ይህ የታወቀው በኋላ ነው፤ ብየዳው የተሠራው ግን ሰዎቹ በሕይወት ይኖራሉ በሚባልበት ሳምንት ነበር።

በዚህ ጊዜ አንድ የታወቀ መከራከሪያ ይነሣል። ሰርጓጅ መርከብ የሚሰጥምበት ባሕር አብዛኛውን ጊዜ እጅግ ጥልቅ ስለ ሆነ፣ የመርከቢቱ አካል ራሱ በግፊቱ ይደቃል፤ ታዲያ ስድስት መቶ ሜትር ለሚደርስ ማዳኛ ገንዘብ ማውጣት ምን ይጠቅማል ይባላል። በኤፕሪል 2021 ዓ.ም. ከባሊ ደሴት ሰሜን 53 ሰዎች ይዛ የጠፋችው የኢንዶኔዥያዋ ናንጋላ 838 ሜትር ላይ ተሰባብራ መገኘቷም ለዚህ ክርክር ይጠቀሳል፤ ሲንጋፖር፣ ማሌዥያና ሕንድ የማዳኛ መርከቦቻቸውን ቢልኩም የሚያነሡት ሕያው አላገኙም። ክርክሩ እውነትነት አለው፤ የሚሸጠው ዕቃ ሁሉን ያድናል ብሎ የሚምል ሻጭም አታላይ ነው። ነገር ግን ስኳለስ፣ ኤ ኤስ 28 እና ፒሰስ የሰጠሙት ማዳኛ በሚደርስበት ጥልቀት ነበር፤ ቴቲስ ጅራቷ ከውሃ በላይ ነበር። መርከቦች ወደብ አጠገብ፣ ለሙከራና ለልምምድ በሚወጡበት ጊዜ፣ ጥልቀቱ መጠነኛ በሆነ ባሕር ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ለሰማይ መብረቅ መድኃኒት የለም ተብሎ የኩሽናው እሳት ማጥፊያ አይጣልም።

የሚያስቸግረው የዋጋው ነገር ነው፤ እርሱም መፍትሔ አላጣም። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኖርዌይ አንድ የማዳኛ ሥርዓት በጋራ ገዝተው ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በስኮትላንድ ፋስሌን በተዘጋጀ ቦታ አኖሩ፤ ዕቃው ተፈታትቶ በአውሮፕላን እንዲጫን፣ ጥሪው በተሰማ በ72 ሰዓት ውስጥም የመጀመሪያውን ሰው ማውጣት እንዲጀምር የታቀደ ነው። ሲንጋፖር በ2009 ዓ.ም. አገልግሎት ለጀመረችው ስዊፍት ረስኪው የማዳኛ መርከብ ከግል ኩባንያዎች ጋር የሃያ ዓመት የአገልግሎት ውል ተዋዋለች። ሕንድ በ2016 ዓ.ም. ጄ ኤፍ ዲ ከተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሁለት ሙሉ ሥርዓት በ193 ሚሊዮን ፓውንድ ስትገዛ፣ የ25 ዓመት ጥገና በዚያው ውል ውስጥ አስገባች። ከሦስቱ መንገዶች የተሻለው የሲንጋፖርና የሕንድ መንገድ ይመስላል፤ ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ዕቃው ቢዝግ ጉዳዩ አይደለም፣ ለሃያ ዓመት ተዋውሎ እንደ ሆነ ግን ዝገቱ የራሱ ኪሣራ ነው። የጋራው ግዢም ለድኻ አገር ይበጃል፤ ነገር ግን ሦስት ጌታ ያለው ዕቃ ማን ዘይት እንደሚቀባው አስቀድሞ በጽሑፍ መለየት አለበት።

እንግዲህ ሰርጓጅ መርከብ ለመግዛት የሚነሣ መንግሥት ሁሉ፣ ዛሬም እንደዚህ ያሉ ገዢዎች ጥቂት አይደሉም፣ በመጀመሪያው ውል ላይ ሊጽፈው የሚገባ ነገር አለ። የመውጫው ቀለበት በጋራው ልክ ይሠራ። የማዳኛው አገልግሎት ከማን እንደሚገኝ፣ በየትኛው አውሮፕላን መጥቶ በየትኛው ወደብ እንደሚወርድ፣ የሚሸከመውም መርከብ ወለል አስቀድሞ ተለክቶ የት እንደሚቆም ይጻፍ። ዕቃው ሲገባ ያለ ቀረጥና ያለ ፍተሻ እንዲያልፍ የጉምሩኩ ፈቃድ ዛሬውኑ ተፈርሞ በመሳቢያ ይቀመጥ። በየዓመቱም አንድ ጊዜ፣ በእውነተኛ ባሕር፣ ሆን ብላ ወለል ላይ ባረፈች መርከብ ላይ ማዳኛው ተቀምጦ ሕያው ሰዎች ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፉ፤ ያን ጊዜ ካልገጠመ፣ የመጨረሻው ክፍያ ለሻጩ አይለቀቅ።